የፖል አቬሬጅ እንዴት ነው የሚነበበው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የአሜሪካን ፖለቲካ በሚከታተል ሀበሻ መሀል ደጋግመው የሚነሱት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፣ ከቀላሉ ጀምረን ወደሚያከራክረው እንሄዳለን።

ፖል አቬሬጅ የሚሉት ነገር ምንድነው?

ፖል ማለት አንድ ድርጅት የተወሰኑ ሰዎችን መርጦ "ፕሬዝዳንቱ ስራውን እንዴት ይዞታል?" ወይም "ምርጫው ዛሬ ቢሆን ለማን ትሰጣለህ?" ብሎ የሚጠይቀው ነው። አሜሪካ ውስጥ ይሄን የሚሰራው ብዙ ነው፣ ዩጎቭ አለ፣ ኢፕሶስ አለ፣ ኤመርሰን አለ፣ ኩዊኒፒያክ አለ፣ ኒውዮርክ ታይምስ ከሲየና ጋር የሚያወጣው አለ፣ ሁሉም በየፊናው ቁጥር ያወጣል። አቬሬጅ የሚባለው እነዚህን ሰብስቦ አንድ ቁጥር የሚያደርጋቸው ነው፣ አዲስ ፖል በገባ ቁጥር ስለሚታደስ በየቀኑ ወደፊት የሚሄድ መስመር ሆኖ ይታያል።

ነገሩን ያስለመዱን ሁለት ናቸው። ሪልክሊርፖለቲክስ በ2000 ተጀመረ፣ ፋይቭሰርቲኤይትን ደግሞ ኔት ሲልቨር በ2008 ጀመረው፣ ስሙም ፕሬዝዳንት ከሚመርጡት 538 ኢሌክተሮች የመጣ ነው። ፋይቭሰርቲኤይትን ኤቢሲ ኒውስ ማርች 2025 ላይ ዘጋው፣ ስለዚ ድሮ እሱን ትከፍቱ ከነበረ አሁን ያለው አማራጭ የሲልቨር አዲሱ ሲልቨር ቡለቲን፣ ኒውዮርክ ታይምስ፣ ሪልክሊር እና መሰሎቻቸው ናቸው።

አንድ ጥሩ ፖል መርጦ እሱን ብቻ መከተል አይሻልም?

አይሻልም። የጤፍ ዋጋ ማወቅ የፈለገ ሰው አንድ ሱቅ ጠይቆ አይመለስም፣ ሶስት አራት ቦታ ጠይቆ ነው "አሁን በዚህ እየሄደ ነው" የሚለው። አንዱ ነጋዴ ሊያስወድድ ይችላል፣ አንዱ የከረመ ጤፍ ይዞ ሊሆን ይችላል፣ ደርዘን ሲጠየቅ ግን የአንዱ ማጋነን በሌላው ይጣፋል። ፖልም እንደዛ ነው፣ ምርጥ የሚባለውም ድርጅት በአጋጣሚ ብቻ አንዳንዴ ከሌላው የራቀ ቁጥር ይዞ ይመጣል፣ ያኔ እሱን ብቻ እየተከተላችሁ ከሆነ ሀገር የተገለበጠ ይመስላችኋል።

ሌላው ነገር ሰው ሲመርጥ "ጥሩ" የሚለው ፖል ሁሌም ለራሱ ወገን ጥሩ ዜና የያዘው ሆኖ ይገኛል። አቬሬጅ ከዚህ አመል ትንሽ ያድናል።

እኔን አንድም ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም፣ 1000 ሰው እንዴት ነው ስለ ሀገር የሚናገረው?

ለአካለ መጠን የደረሰው የአሜሪካ ህዝብ ከ250 ሚሊዮን በላይ ነው፣ አንዱ ፖል የሚያናግረው 1000 ገደማ፣ ስለዚ አለመጠየቃችሁ ምንም አይገርምም፣ ብትጠየቁ ነበር የሚገርመው። ዋናው የሰዉ ብዛት ሳይሆን አመራረጡ ነው። በ1936 ሊተራሪ ዳይጀስት የሚባል መጽሄት ወደ 10 ሚሊዮን ሰው ወረቀት ልኮ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰብስቦ ሪፐብሊካኑ ላንደን ያሸንፋል አለ፣ ሩዝቬልት ከ48 ስቴት 46ቱን ጠራርጎ ወሰደ። አድራሻዎቹን በብዛት ያገኘው ከስልክ ማውጫና ከመኪና ምዝገባ ነበር፣ በዛ በድህነት ዘመን ስልክና መኪና ያለው ማን እንደሆነ አስቡት፣ ከዛ ላይ ደግሞ ወረቀቱን ሞልቶ የመለሰው በሩዝቬልት የተናደደው ነበር። ጆርጅ ጋለፕ በጣም ባነሰ ሰው አሸናፊውን በትክክል አገኘው፣ ስሙም የገነነው ያኔ ነው።

ዛሬ ያለው ችግር ሌላ ነው፣ ስልክ የሚያነሳ ጠፋ። ፒው የተባለው የጥናት ማእከል የራሱን የስልክ ጥናት ሲመዝን በ1997 ከ100 ሰው 36ቱ ይመልስ ነበር፣ በ2018 ወደ 6 ወርዷል፣ ከዛም በታች የሚያገኙ አሉ። ስለዚ ያገኙትን ሰው በእድሜ፣ በጾታ፣ በዘር፣ በትምህርት ደረጃ ከሀገሪቱ ጋር እስኪመጣጠን ያስተካክላሉ፣ ዌይቲንግ የሚሉት ይሄ ነው። ወጣት ካነሰ የተገኘው ወጣት ድምጽ ከፍ ተደርጎ ይቆጠራል፣ እና አንድ ድርጅት ከሌላው የሚለየው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ጋ ባለው ውሳኔ ነው።

ፕላስ ማይነስ 3 የሚለው ምን ማለት ነው?

1000 ሰው ከተጠየቀ በእጣ ብቻ የሚመጣው ስህተት ወደ 3 ነጥብ ገደማ ወዲህ ወይም ወዲያ ነው። ሰው የሚስተው ነገር ይሄ 3 ለአንዱ እጩ ቁጥር መሆኑን ነው። ፖሉ 48 ለ 45 ካለ አንደኛው 45 ሊሆን ይችላል ሌላኛውም 48፣ ስለዚ በመሀላቸው ያለው ልዩነት ላይ ያለው ስህተት ወደ 6 ይጠጋል። "በ3 እየመራ ነው" ብሎ መጨፈር ለዚህ ነው የማያዋጣው።

ደግሞ ይሄ የእጣ ስህተት ብቻ ነው። ስልክ ያላነሳው ሰው ካነሳው የተለየ ከሆነ፣ ወይም ጥያቄው ጠመም ብሎ ከተጠየቀ፣ እሱን ፕላስ ማይነሱ አይቆጥረውም። ካለፉ ምርጫዎች ጋር ሲመሳከር ትክክለኛው ስህተት ከሚጻፈው ወደ እጥፍ ይጠጋል።

ትናንት አፕሩቫሉ (ፕሬዝዳንቱ ስራውን ጥሩ ይዞታል የሚለው ሰው መቶኛ) 42 ነበር ዛሬ 41 ሆነ፣ ምን ተፈጠረ?

ብዙ ጊዜ ምንም። ይሄን ጥያቄ ነው ከሁሉ በላይ የምሰማው፣ እና መልሱን ሰው አይወደውም።

እንበል አቬሬጁ ውስጥ አምስት ፖል አለ፣ 44፣ 42፣ 41፣ 43 እና 40። አማካዩ 42 ነው። ነገ 44 ያለው ፖል አረጀ ተብሎ ወጣ፣ በቦታው ሁሌም ለፕሬዝዳንቱ ዝቅ ያለ ቁጥር የሚሰጥ ድርጅት 39 ይዞ ገባ። አማካዩ 41 ሆነ። አንድም አሜሪካዊ ሀሳቡን አልቀየረም እኮ፣ የተቀየረው በዛ ሳምንት ማን ፖል እንዳወጣ ነው፣ ግን ማታ በዜና ላይ "የፕሬዝዳንቱ ተቀባይነት አሽቆለቆለ" ተብሎ ሁለት ተንታኝ ተጠርቶ ምክንያቱ በሰፊው ይብራራል፣ አንዱ ኢኮኖሚው ነው ይላል አንዱ ንግግሩ ነው ይላል።

እውነተኛ ለውጥ ሲመጣ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣውና ለሳምንታት በአንድ አቅጣጫ ይሄዳል፣ ሁሉም ድርጅት ጋ በየራሱ ልክ ይታያል። ባይደንን እንይ፣ በ2021 ጁላይ ላይ ከ50 በላይ ነበር፣ ኮቪድ ተመልሶ ሲነሳና ከአፍጋኒስታን ሲወጡ የተፈጠረው ትርምስ ሲጨመርበት ኦገስት መጨረሻ ላይ የሚቃወመው ከሚደግፈው በለጠ፣ ከዛ በኋላ እስከ መጨረሻው ተመልሶ አልወጣም። ጁን 2024 ላይ ከትራምፕ ጋር ያደረገው ያ ዲቤት እንኳን፣ ሀገር ጉድ ያለበት፣ ከእጩነት ያስወጣው፣ ከትራምፕ ጋር ባለው ፉክክር አቬሬጅ ላይ የቀነሰበት ወደ 2 ነጥብ ገደማ ነው። ይሄን ልክ ይዛችሁ የዛሬዋን አንድ ነጥብ መዝኗት።

አሰራሩን ማወቅ ለፈለገ፣ አዲስ ፖል ከገባ በኋላ ራሱ ያው ድርጅት ባለፈው ወር ስንት ብሎ እንደነበር ማየት ነው። 39 ያለው ባለፈው ወርም 39 ካለ ዜና የለም። ሁሌ 44 የሚለው 40 ካለ ግን እሱ ቆም ብሎ የሚታይ ነገር ነው።

ሪልክሊር አንድ ቁጥር ይላል ኒውዮርክ ታይምስ ሌላ፣ ማነው ትክክል?

ሪልክሊር በመሰረቱ የቅርብ ጊዜዎቹን ፖሎች ደምሮ ለብዛታቸው ያካፍላል፣ በቃ። ሂሳቡን ማንም ሰው ስልኩ ላይ ሊያረጋግጠው ይችላል፣ ይሄ ጥሩ ጎኑ ነው። መጥፎው ጎን ደግሞ የትኛው ፖል እንደሚገባና እንደሚወጣ የሚወስነው ሰው መሆኑ ነው፣ ከአንድ ወገን የሚያወጣው ድርጅት ሲበዛም ቁጥሩ አብሮ ያጋድላል። በ2022 የፔንሲልቬኒያ የሴኔት ምርጫ መጨረሻ ላይ ሪልክሊር ሪፐብሊካኑን ኦዝን በትንሹ አስቀድሞት ነበር፣ ዲሞክራቱ ፌተርማን በ5 ነጥብ ገደማ አሸነፈ።

ሲልቨር እና ታይምስ አካባቢ ያለው ደግሞ ይመዝናል፣ ባለፉ ምርጫዎች የተሻለ ለሰራው፣ ብዙ ሰው ላናገረው፣ አዲስ ለሆነው የበለጠ ክብደት ይሰጣል። ከዛ ድርጅቱ በባህሪው ወደ አንዱ ወገን የሚያዘነብል ከሆነ እሱን ይቀንሳል፣ ሀውስ ኢፌክት ይሉታል፣ እንደ ተዛነፈ ሚዛን ነው፣ ሁሌ ሁለት መቶ ግራም የሚጨምር መሆኑ ከታወቀ ሁለት መቶ ቀንሶ መጠቀም ይቻላል። እኔ በግሌ ይሄኛውን አምናለሁ፣ ግን ከሁለቱ አንዱን ይዞ መቆየት ነው እንጂ ጠዋት አንዱን ማታ ሌላውን ከፍቶ "ወረደ" ማለት ዋጋ የለውም።

አንዱ ላይ "አዋቂዎች" ይላል፣ አንዱ ላይ "የተመዘገቡ"፣ ልዩነት አለው?

አለው። አፕሩቫል ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ከ18 አመት በላይ ያለ ሰው በሙሉ ነው፣ ዜግነት የሌለውም ጭምር ሊኖርበት ይችላል። ምርጫ ሲደርስ ግን የተመዘገቡትን፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ በርግጥ ይወጣሉ ተብለው የሚገመቱትን ብቻ ይቆጥራሉ። ያው አንድ ድርጅት ያው አንድ ሳምንት በሶስቱ ሶስት የተለያየ ቁጥር ሊያወጣ ይችላል፣ ስለዚ ሁለት ፖል ከማወዳደራችሁ በፊት ይሄን ተመልከቱ።

2016 ላይ ሁሉም ተሳስተው የለ እንዴ? አሁንም እንዴት እናምናለን?

ሀገር አቀፉ አልተሳሳተም ማለት ይቻላል። አቬሬጁ ክሊንተን በ3 ገደማ ትመራለች ሲል በድምጽ ብዛት በ2 ነጥብ በለጠች፣ ይሄ ጥሩ የሚባል ውጤት ነው። የተሳሳተው በስቴት ደረጃ ነው፣ ዊስኮንሰን ላይ ሪልክሊር በ6.5 ትመራለች ሲል ትራምፕ ከ23 ሺህ ባነሰ ድምጽ ወሰደው። አንዱ ምክንያት ብዙ የስቴት ፖሎች በትምህርት ደረጃ አያስተካክሉም ነበር፣ ኮሌጅ የጨረሰ ሰው ደግሞ ለፖል መልስ መስጠት ይወዳል፣ በዛ አመት ደግሞ ኮሌጅ የጨረሰውና ያልጨረሰው ነጭ መራጭ ለሁለት ተከፈለ።

በ2020 ትምህርቱን አስተካከሉት፣ ውጤቱ ግን ባሰበት። አሸናፊውን አገኙት፣ ልዩነቱን ግን ባይደን በ8 ይመራል ሲሉ በ4.5 ነው ያሸነፈው፣ ዊስኮንሰን ላይ ደግሞ 8 ገደማ የተባለው ከ1 በታች ሆነ። የሙያው ማህበር ራሱ ባጠናው መሰረት በ40 አመት ውስጥ ትልቁ ስህተት ነበር። 2024 ላይ ሀሪስ በ1 ገደማ ትቀድማለች ሲባል ትራምፕ በ1.5 በለጠ፣ ከበፊቱ ያነሰ ስህተት ነው ግን አሸናፊው ስለተቀየረ ሰው የሚያስታውሰው እሱን ነው።

እዚህ ጋ ነው የአቬሬጅ ድክመት የሚወጣው። አስር ሱቅ ጠይቃችሁ አስሩም ከአንድ ጅምላ ሻጭ ከሆነ ያመጡት፣ ጅምላ ሻጩ ካታለለ አስሩም አንድ ላይ ነው የሚያታልሉት። ፖሎችም ስልክ የማያነሳው ሰው ለሁሉም ነው የማያነሳው፣ ስለዚ መደመራቸው የአንዳንዱን ስህተት ያጠፋል እንጂ የጋራውን አያጠፋም። በአንድ ስቴት ከተሳሳቱ ደግሞ በሚመስለው ስቴትም በዛው አቅጣጫ ይሳሳታሉ፣ ሚሺጋን፣ ፔንሲልቬኒያና ዊስኮንሰን አብረው የወደቁት ለዛ ነው።

ታዲያ ሁሌ ለትራምፕ ወገን 3 ነጥብ ጨምሮ ማንበብ ነዋ?

እንዲህ ያደረገ ሰው ኖቬምበር 2025 ላይ የኒው ጀርዚ የስቴት ገዥ ምርጫ ገደል ከተተው። አቬሬጁ ጠባብ ልዩነት ነው ሲል ዲሞክራቷ ሼሪል ከ10 ነጥብ በላይ በሆነ ልዩነት አሸነፈች። በዛው ቀን ቨርጂኒያ ላይ፣ አሌክሳንድሪያና ፌርፋክስ ያለው ሀበሻ በቅርብ በተከታተለው ምርጫ፣ ዲሞክራቷ ስፓንበርገር በ10 ገደማ ትመራለች ሲባል በ15 ገደማ በለጠች። ትራምፕ ራሱ ወረቀቱ ላይ ሲኖርና ሳይኖር የሚወጣው መራጭ አንድ አይነት አይደለም፣ ፖልስተሮችም ካለፈው ስህተታቸው ለመሸሽ ሲሉ በሌላ በኩል ይወጣሉ። የሚቀጥለው ስህተት ወዴት እንደሚሆን አስቀድሞ የሚታወቅ ቢሆን ኖሮማ ራሳቸው ያርሙት ነበር።

70 በመቶ የማሸነፍ እድል ማለት 70 በመቶ ድምጽ ማለት ነው?

አይደለም፣ በጭራሽ። አቬሬጅ ዛሬ ያለውን ሁኔታ ነው የሚናገረው፣ እድሉን የሚያወጣው ደግሞ አቬሬጁን ወስዶ "ስህተቱ ይሄን ያህል ቢሆንስ" እያለ ብዙ ሺህ ጊዜ የሚሞክር ሞዴል ነው። 51 ለ 49 የሚመራ ሰው እንደ ሁኔታው 70 በመቶ እድል ሊኖረው ይችላል።

በ2016 ፋይቭሰርቲኤይት ለትራምፕ ወደ 29 በመቶ ሰጠው፣ ሀፊንግተን ፖስት ለክሊንተን 98። ሁለቱም ያዩት ያንኑ ፖል ነው፣ ልዩነቱ የመጀመሪያው ስቴቶች አብረው ሊሳሳቱ ይችላሉ ብሎ ማሰቡ ነው። 29 በመቶ ማለት ደግሞ ከሶስት አንድ ጊዜ ሊደርስ ትንሽ የቀረው ነው፣ ማለትም በደንብ የሚሆን ነገር።

የሀበሻ ድምጽ በፖል ላይ ይታያል?

አይታይም። 1000 ሰው ውስጥ ሀበሻ ቢገኝ አንድ ወይም ሁለት ነው፣ እሱም "ጥቁር" በሚለው ስር ይገባል፣ ጥያቄው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ነው። "ጥቁሮች ወደ ሪፐብሊካን እየሄዱ ነው" የሚል ዜና ስታዩም ከአንድ ፖል ውስጥ የተቆረጠ ከሆነ ተጠንቀቁ፣ በዛ ፖል ውስጥ ያሉት ጥቁሮች 120 ገደማ ቢሆኑ ነው፣ የነሱ ብቻ ስህተት ወደ 9 ነጥብ ነው። ብዙ ፖሎች ተደምረው ሲታዩ ሌላ ነገር ነው።

እስራኤል ላይስ በዚሁ መልኩ ይነበባል?

ሀሳቡ አንድ ነው አነባበቡ ግን ይለያል፣ እዛ ፖል የሚወጣው በመቶኛ ሳይሆን ፓርቲው ከ120 የክኔሴት (የእስራኤል ፓርላማ) ወንበር ስንት ያገኛል ተብሎ ነው። ከባዱ ነገር 3.25 በመቶ ያላገኘ ፓርቲ ዜሮ መሆኑ ነው፣ ያገኘ ደግሞ አራት ወንበር ይዞ ይገባል፣ ስለዚ በአማካይ ሁለት ወንበር የሚባል ነገር በእውን የለም። በ2022 የግራ ክንፍ ፓርቲው ሜሬትስ 3.16 አግኝቶ ውጭ ቀረ፣ ጥቂት ሺህ ድምጽ የመንግስቱን አወቃቀር ቀየረው። ለዛ ነው እዛ ላይ ከአንድ ፓርቲ ቁጥር ይልቅ ብሎኩ (አብረው መንግስት የሚመሰርቱት ፓርቲዎች ስብስብ) 61 ይደርሳል አይደርስም የሚለው የሚታየው።

ሌላው ከምርጫው በፊት ካለው አርብ በኋላ አዲስ ፖል ማውጣት በህግ ይከለከላል፣ የመጨረሻዎቹ ቀናት ጨለማ ናቸው። በ2015 የምርጫው ማታ የወጣው ኤግዚት ፖል (ድምጽ ሰጥቶ የሚወጣውን ሰው የሚጠይቀው) የኔታንያሁን ሊኩድና ተቃዋሚውን የጽዮናውያን ህብረት 27 ለ 27 እኩል አደረጋቸው፣ ጠዋት ሲነጋ 30 ለ 24 ሆኖ ተገኘ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ለምን እንደዚህ አይነት ነገር የለም?

አቬሬጅ ለመስራት መጀመሪያ የሚደመር ፖል ያስፈልጋል። አፍሮባሮሜትር ቤት ለቤት እየሄደ የሚሰራው ጥናት አለ፣ ግን በየጥቂት አመቱ አንዴ ነው፣ በየሳምንቱ ጥናት የሚያወጡ ተፎካካሪ ድርጅቶች የሉም። ከዛ በላይ ደግሞ የማያውቁት ሰው ደውሎ "ማንን ትመርጣለህ?" ሲል አብዛኛው ሰው የሚመልሰው "አንተን ማን ልኮህ ነው?" ብሎ ነው፣ ወይ ደግሞ ደህና ነው ሁሉም ደህና ነው ብሎ ስልኩን ይዘጋል። ምርጫው ራሱ በየምርጫ ክልሉ ብዙ ድምጽ ያገኘ የሚወስድበት ስለሆነም ሀገር አቀፍ መቶኛ ቢኖር እንኳን ወንበሩን አይነግርም።

ፖሎቹ ሁሉ አንድ አይነት ሲሉ ጥሩ ምልክት አይደለም?

ይሄ ነው ተንኮለኛው። 800 እና 1000 ሰው የሚጠይቁ ድርጅቶች በእጣ ብቻ እንኳን መበታተን አለባቸው፣ አንዱ +4 (በ4 ይመራል) አንዱ -3 (በ3 ተቀድሟል) ማለት አለበት። ሁሉም እኩል፣ +1፣ -1፣ እኩል ሲሉ አንዳንዱ የራሱን ቁጥር ከጎረቤት ጋር አይቶ ሳያስተካክል አይቀርም፣ ከሌላው የራቀ ቁጥር ይዞ መሳቂያ መሆን የሚፈልግ ድርጅት የለማ። ኸርዲንግ ይሉታል፣ መንጋ ተከትሎ መሄድ። በ2024 መጨረሻ ሳምንት ሰባቱ ስዊንግ ስቴቶች (ወደ የትኛውም ወገን ሊሄዱ የሚችሉት) ላይ ይሄ ታይቷል፣ ኔት ሲልቨርም በይፋ ወቅሷቸዋል።

በዛው ሳምንት መንጋውን ያልተከተለችው አን ሴልዘር ነበረች፣ አዮዋ ላይ ለአመታት ሌላው ሲሳሳት እሷ ስታገኝ የኖረች ሴት ናት። ሀሪስ አዮዋ ላይ በ3 ትመራለች ብላ አወጣች፣ ሀገር ተናወጠ፣ ዲሞክራቱ ሌሊቱን ሲደሰት አደረ። ትራምፕ በ13 አሸነፈ። ብዙ ሰው ከዛ በኋላ ስድብ አወረደባት፣ ትራምፕም ከሰሳት፣ እኔ ግን ያገኘችውን ቁጥር ሳትደብቅ ማውጣቷን ነው የማደንቀው፣ አቬሬጅ የሚሰራው እንደሷ አይነት ሰው ሲኖር ነው። የአዮዋን አቬሬጅ ይዞ የነበረ ሰው ደግሞ የሷ ፖል ገብቶበትም ትራምፕ ሲመራ ነበር የሚያየው።